ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ውሃ አጋርን ይተካሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ከታች በጀሪካን ቀድተን እናወጣለን። ክረምት ሲገባ ይደፈርሳል። የሦስት ዓመት ልጄን ዘንድሮ ተቅማጥ እየተመላለሰ አስቸግሮታል። ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ውሃ ማከሚያ ስጨምርበት ሽታውን ጠልቶ አልጠጣም ይላል። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሽፈራው፣ የነጭ ሽንኩርትና የዳማከሴ ጭማቂ በኢኮላይና በሳልሞኔላ ባክቴሪያዎች ላይ ሞክሮ ሲፕሮ ከሚባለው አንቲባዮቲክ የበለጠ እንደገደለ በፎቶ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አጋሩን ትቼ ከመርካቶ የሽፈራው ዱቄት ገዛሁና በየጀሪካኑ አንድ ማንኪያ እጨምራለሁ። መጠኑ ልክ ነው? ነጭ ሽንኩርትስ ልጨምርበት? ልጁ ሲያመውስ ዳማከሴ ቢጠጣ ይሻለዋል?»

ምላሽ፦ የሽፈራው ዱቄት ጀሪካን ውስጥ መጨመሩን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። መጠኑ ልክ ነው ወይ ብለዋል፤ ለዚህ ሥራ ልክ የሆነ መጠን የለውም። የገዙት ቅጠሉ ተፈጭቶ ነው፤ ውሃ በማጥራት የሚታወቀው ግን ፍሬው ነው። ቅጠሉ ለምግብነቱ አይታማም፤ ኮንሶና ጋሞ እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ለሰው ምግብ የሆነው ለባክቴሪያም ምግብ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ የቅጠል ዱቄት መጨመር እዚያ ያሉትን ባክቴሪያዎች መቀለብ ነው። ዱቄቱ ራሱ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ምን እንዳረፈበት አይታወቅም፤ ከጀርም ነጻ ተደርጎ የታሸገ ዕቃ አይደለም። ከውሃ አጋር ጋር አብሮ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ክሎሪኑ ቅጠሉ ላይ ተጠምዶ ያልቅና ለባክቴሪያው የሚተርፍ አቅም አይኖረውም። ሁለቱንም ስለጨመርኩ ይበልጥ ተጠንቅቄያለሁ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ የሆነው ተቃራኒው ነው።

የፍሬው ነገር ግን ባዶ ወሬ አይደለም። በሱዳን በናይል ዳርቻ ያሉ ሴቶች የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በሽፈራው ፍሬ ሲያጠሩ ኖረዋል። ፍሬው ተልጦ ሲወቀጥ በውሃ የሚሟሙ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ይወጣሉ። የጭቃውም የባክቴሪያውም ገጽ አሉታዊ ሙል ስላለው ይሳሳባሉ፤ ተጣብቀው ይከብዱና ይዘቅጣሉ። በሙከራ ከ90 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ባክቴሪያ ከላይኛው ውሃ ሲወገድ ታይቷል።

99 በመቶ ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። እስቲ እናስላው። አንድ ብርጭቆ ውስጥ 10,000 ባክቴሪያ ቢኖር 100 ይቀራል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ሰው ለማሳመም ከ10 እስከ 100 ሕዋስ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያዎችን በኮከብ ሲመዝን ሦስት ኮከብ የሚሰጠው ባክቴሪያን ቢያንስ በ99.99 በመቶ ለሚቀንስ ነው፤ ለቫይረስና እንደ ጃርዲያ ላሉ ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ የየራሱ መስፈርት አለው። የሽፈራው ፍሬ ብቻውን እዚያ አይደርስም። የዘቀጠውም ባክቴሪያ አልሞተም፤ ጀሪካኑ ሲነቀነቅ ተመልሶ ይነሳል። ፍሬው ውሃው ውስጥ የሚተወው ቅሪትም በማግስቱ ባክቴሪያውን መልሶ ያራባል። ከዚህ ሌላ ፍሬው የሚበረታው እንደ ክረምት ወንዝ ጭቃ በሆነ ውሃ ላይ ነው። ቧንቧችን ደፈረሰ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ድፍርሱ ቀላል ሲሆን ፍሬው የሚጣበቅበት ያጣና ሥራው ይደክማል።

አሁን ወደ እህትዎ ልጅ ፎቶ። ልጁ አልዋሸም፤ በጭማቂው ዙሪያ ያየው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት እውነተኛ ነው። የተሳሳተው ያንን ቀለበት ከሲፕሮው ቀለበት ጋር ሲያስተያይ ነው። ሙከራው እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ፔትሪ በሚባል የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያው ይቀባል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተበስቶ ጭማቂው ይገባበታል፤ ጎኑ ላይ ሲፕሮ የተነከረበት ክብ ወረቀት ይቀመጣል፤ ሳህኑ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። በማግስቱ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ በማስመሪያ ይለካል። መደበኛው የሲፕሮ ወረቀት የሚይዘው 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም የሆነ የቅጠል ንጥር 100 ማይክሮሊትር ገባ እንበል፤ በተማሪዎች ሥራ እንግዳ መጠን አይደለም። ይህ 10 ሚሊግራም ነው፤ በማይክሮግራም 10,000። ሁለት ሺህ እጥፍ አስገብቶ ሰፋ ያለ ቀለበት ማግኘት ሲፕሮን መብለጥ ሊባል አይችልም። ቀለበቱ የሚሰፋውና የሚጠበውም ንጥረ ነገሩ በሳህኑ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭ ጭምር ስለሆነ፣ የሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀለበት በሚሊሜትር ማወዳደር ከመነሻው አያስኬድም።

ፎቶውን ደግመው ሲያዩ አንድ ነገር ይፈልጉ። ንጥሩ የወጣው በኤታኖል ወይም በሜታኖል ከሆነ፣ አልኮሉ ብቻውን የገባበት ጉድጓድ ሳህኑ ላይ አለ? ከሌለ ቀለበቱን የፈጠረው ዳማከሴው ይሁን አልኮሉ መለየት አይቻልም።

ሌላም አለ። ኢኮላይ፣ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና የኮሌራው ቪብሪዮ አራቱም ግራም ኔጋቲቭ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ከሕዋስ ግድግዳቸው በላይ ሌላ ሽፋን ደርበዋል። የዕፅዋት ውህዶች ቁስል በሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ላይ በርትተው በአንጀት ባክቴሪያዎች ላይ የሚደክሙት በአብዛኛው ለዚህ ነው። በውሃ የሚተላለፈው ወገን፣ እንደ ክፉ አጋጣሚ፣ ለዕፅዋት የሚያስቸግረው ወገን ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ጀሪካንዎ እንመልሰው። አንድ ጭማቂ ኢኮላይን ለመግታት በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ያስፈልገዋል እንበል፤ ለድፍድፍ ጭማቂ የተለመደ ዓይነት ቁጥር ነው። 20 ሊትር ውሃ ላይ ይህን ክምችት ለማግኘት 200 ግራም የደረቀ ንጥር ይጠይቃል። ከደረቀ ቅጠል አንድ አስረኛው ንጥር ሆኖ ይወጣል ብንል ደግሞ ለአንዲት ጀሪካን 2 ኪሎ ደረቅ ቅጠል መጨመቅ ሊኖርብዎት ነው። የሚወጣው አረንጓዴ መረቅ እንጂ ውሃ አይባልም። «ለመግታት» ያልኩትን ልብ ይበሉ፤ መግታት መግደል አይደለም፤ ጭማቂው ሲሳሳ ባክቴሪያው እንደገና ይነሳል። ለዚያው ጀሪካን፣ ውሃው የጠራ ከሆነ፣ የሚበቃው ክሎሪን 40 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ንጥር አምስት ሺህ ጊዜ ያነሰ። ጊዜውም ሌላ ነው። ላቦራቶሪው ሌሊቱን ሙሉ በሰው ገላ ሙቀት ሲጠብቅ፣ እርስዎ በቀዝቃዛ ወጥ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ልጅዎን ሊያጠጡ ነው።

ነጭ ሽንኩርት አይጨምሩ። የሚገድለው ውህድ አሊሲን ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይደቆስ አሊሲን የለውም፤ ሲደቆስ ይፈጠራል፤ ከተፈጠረ በኋላም ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲፈላ ደግሞ ጭርሱን ይጠፋል። 20 ሊትር ላይ የተደቆሰ ሁለት ፍልቃቂ ሽታውን እንጂ ሌላ አይሰጥዎትም፤ የክሎሪን ሽታ የጠላ ልጅ ይህን ይወዳል ብዬም አልገምትም። ጦስኝና ዳማከሴም ከዚህ አይርቁም። በተለይ ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ላቦራቶሪ ውስጥ በእርግጥ ብርቱ ናቸው፤ ግን ዘይት ናቸው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሙም።

እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ አሽተው፣ ጋኑን በወይራ አጥነው ሲያስቀምጡ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ሻካራው ቅጠል ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ልጋግ ፈቅፍቆ ያነሳል፤ ጭሱ ያደርቃል፤ ጭሱ ውስጥ ያሉት ውህዶችም የቀረውን ያዳክማሉ። ነገር ግን ይህ የዕቃው ጽዳት ነው፤ በግራዋ የታሸ እንስራ ውስጥ የፈሰሰ ቆሻሻ ውሃ ቆሻሻነቱ አይለወጥም። የእርስዎን ጀሪካን ግን ከዚህ አንጻር እንየው። ጣትዎን በአንገቱ አስገብተው የውስጡን ግድግዳ ይዳስሱት። የሚያንሸራትት ከሆነ ባክቴሪያው ጎጆ ሠርቶ ተቀምጧል፤ የገባው ክሎሪን መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር፣ ትንሽ ውሃና በረኪና ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው በኃይል ይነቅንቁት፤ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት። በሳምንት አንዴ ይህን ቢያደርጉ ከማንኛውም ቅጠል የበለጠ ይጠቅምዎታል። በረኪናውን ግን ለሚጠጣ ውሃ አይጠቀሙበት፤ በየሱቁ ያለው ጥንካሬው አንድ አይደለም፤ ሽቶ የገባበትም አለ።

ስለ ዕቃና ልብስ ማጠቢያ ዕፅዋት ከተነሳ፣ እንዶድ የሚጠጣ ውሃ አጠገብ አይድረስ። «እንዶድ እኮ በዓለም የታወቀ የውሃ መድኃኒት ነው» ሲባል ሰምቼ ደንግጬ አውቃለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። እንዶድ የሚገድለው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ነው፤ ዓሣም ይገድላል፤ ለሰውም ሲጠጣ መርዝ ነው። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት ያገኙት ከዚያች ቀን በኋላ በነበረው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ለእህትዎ ልጅም የምለው ይኸው ነው። ቀለበቱ ሥራ መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ ዝቅተኛውን የሚገታ መጠን ይለካ፤ ባክቴሪያው በስንት ደቂቃ ስንቱ እንደሚሞት ይቁጠር፤ ያንንም ከፔትሪ ሳህን አውጥቶ በእውነተኛ የቧንቧ ውሃ ላይ ይድገመው። አልኮሉንም ለብቻው ይሞክረው። ከዕፅዋት መድኃኒት አይወጣም እያልኩ አይደለም፤ ዛሬ ለወባ የምንወስደው አርቴሚሲኒን ከተክል ነው የመጣው፤ ተነጥሎ፣ ተመዝኖ፣ መርዛማነቱ ተፈትሾ ነው እንጂ ቅጠሉ ጀሪካን ውስጥ ተበትኖ አይደለም።

ውሃው ለምን እንደሚያሳምም ካላወቁ መፍትሔውም ግራ ይገባል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ውሃ ከማጣሪያው በክሎሪን ታክሞ ነው የሚወጣው። የሚበላሸው መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ነው። በፈረቃ ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። መሃል ከተማ ውስጥ አሮጌ የውሃ መስመርና የፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ይህ የሚሆን ነገር ነው፤ ክረምት ላይ አፈሩ ሲረሰርስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሌሊት ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያውን ባልዲ ሁለት ባልዲ ለልብስና ለወለል ያድርጉት፤ የሚጠጣውን ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ይቅዱ። ጎማው መሬት ላይ ተጥሎ የሚያድር ከሆነም ጫፉን ጀሪካን ውስጥ አይክተቱት።

ምክሬ ይህ ነው። ለቤተሰቡ የሚጠጣውን በክሎሪን ያክሙ፤ የልጁን ያፍሉ። የደፈረሰ ከሆነ አስተኝተው ያሳድሩትና ከላይ የጠራውን በንጹሕ፣ በተደራረበ ነጠላ አጥልለው ወደ ታጠበው ጀሪካን ያዛውሩ። ውሃ አጋሩን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩ፤ አሁንም ደብዘዝ ያለ ከሆነ መጠኑን እጥፍ ያድርጉ፤ ክዳኑን ገጥመው፣ አናውጠው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሽታው የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ገና እንደተጨመረ ስለሚጠጣ ነው፤ ማታ አክመው ጠዋት ቢጠጡት፣ ከመጠጣቱ በፊትም ከማሰሮ ማሰሮ ቢገለብጡት ይቀንሳል። ሎሚ ጠብ ማድረግ ከፈለጉ ከ30 ደቂቃው በኋላ፣ ብርጭቆው ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ክሎሪኑን ያጠፋዋል። ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ መኖሩ ውሃው ገና ጥበቃ እንዳለው ምልክት ስለሆነ ጨርሶ እስኪጠፋ አይታገሉት።

ክሎሪን ሁሉን አይችልም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን የሕፃናት ተቅማጥ አምጪ አይገድለውም፤ ጃርዲያንም በዚህ መጠንና ጊዜ ሊያልፈው ይችላል። ለልጁ ማፍላት ያልኩት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ያንሳል ብለው አይስጉ፤ የአንጀት ጀርሞች ከ70 ዲግሪ በላይ ዕድሜ የላቸውም። ለጥንቃቄ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ፈልቶ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እናቆየዋለን። በፈላበት ዕቃ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ልጁ ጣዕም ከፈለገ ጦስኙን እዚያ ይጨምሩለት፤ አብሮ ሲፈላ ገዳዩ እሳቱ ነው፣ ጦስኙ ጣዕም ይሰጣል። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ተራውን ለውሃ አጋር ይስጡ። በአንጻሩ ማፍላት ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጠብቅ ነገር አይተውም፤ ጣሳ ከተነከረበት ተመልሶ ይበከላል፤ ቀድተው የሚያፈሱበት ዕቃ ይጠቀሙ።

ዳማከሴውን በሚመለከት፣ ለምች ማሽተቱና በቡና ጠብ ማድረጉ የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቅ ሰው ቢያደርገው አልከራከርም። ለሕፃን ተቅማጥ ግን አይሆንም። ተቅማጡ ከቫይረስ ከሆነ ባክቴሪያ ገዳይ ቢገኝ እንኳ አይነካውም። ሺጌላ ከሆነ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ገብቷል፤ ታይፎይድ ከሆነ ደም ውስጥ ደርሷል፤ የተጠጣ ቅጠል እዚያ በሚበቃ መጠን አይደርስም። ጤና አዳምንም እንዲሁ ይተዉት፤ በተለይ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች አብዝታ እንዳትጠጣ፤ ማሕፀን ያነሳሳል። ካቢኔት ውስጥ የተረፈ ሲፕሮ ካለም ለልጁ አይስጡት።

ተቅማጥ የሚገድለው በሚያስወጣው ውሃና ጨው ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ቅልቅል) በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው፣ ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር በማንኪያ በማንኪያ ይስጡት፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይውሰድ፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን አያቋርጡ። ምግቡንም አይከልክሉት።

ሰገራው ላይ ደም ካዩ፣ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ በብዛት ከወረደ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ሌሊት ከሆነ ወደ ቅርብ ሆስፒታል። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም ተቅማጡ እየተመላለሰ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ሰገራው ይመርመር፤ ጃርዲያና አሜባ እንዲታይለት በስም ይጠይቁ። የደም ምርመራ ተደርጎ ታይፎይድ አለበት ከተባሉ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ያስታውሱ፤ ትኩሳት ሳይኖረው በዚያ ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት ሐኪሙን ምክንያቱን ይጠይቁት።